የሰ ቆብ

ሰኔ 3
ይህን ደብተር ዛሬ ከጥግ ካለው ሱቅ ገዛሁት። መስመሩ የተንጋደደ ነው፤ መሃል ገጽ ላይ ሲደርስ ሆዱን ነፍቶ ወደ ላይ ይጎብጣል። ልመልሰው ብዬ ሄጄ ነበር። ባለሱቁ ገለጥ ገለጥ አደረገና «ምኑ ነው የጠመመው እትዬ?» ብሎ አፈጠጠብኝ። ከሱ ጋር አፍ ከመካፈት ብዬ ይዤው ተመለስኩ። ለነገሩ ዘንድሮ ቀጥ ያለ ነገር ጠፍቷል። የመታጠቢያ ቤታችንን ወለል የሠራው ሰውዬ እንኳ ንጣፉን ሲገጥም ሞቅ ብሎት ነበር መሰለኝ። እስከ ዛሬ እንዴት እንዳላየሁት ይገርመኛል።

ዕድሜዬን ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ሆኜ ኖርኩ፤ ጡረታ ወጥቼም አራሚ ነኝ። አሁን በኢንተርኔት ላይ ላለ ቤተ መጻሕፍት በነጻ እሠራለሁ። አሮጌ መጻሕፍት ገጽ በገጽ ስካን ይደረጋሉ፤ ማሽን ፎቶውን እያነበበ ወደ ጽሑፍ ይቀይረዋል፤ ማሽኑ የሳተውን ደግሞ በጎ ፈቃደኞች በየቤታቸው ቁጭ ብለው ያርማሉ። ስክሪኑ ላይ በግራ የገጹ ፎቶ አለ፣ በቀኝ ማሽኑ አነበብኩ ያለው። በጎ ፈቃደኞቹ ያረሙት ገጽ ወደ እኔ ይመጣል። እኔ «አልቋል» ካልኩ ገጹ ይቆለፋል፤ ከዚያ ወዲያ ከእኔና ከኃላፊያችን በቀር የሚነካው የለም። ይህ ነገር ደስ ይለኛል፣ ለደብተር አይዋሽም።

ሰኔ 6
ማሽኑ ቆብ ይበላል። ቆብ የምንለው ሰ ላይ ሲደፋ ሸ፣ ደ ላይ ሲደፋ ጀ የሚያደርገውን ያንን ትንሽ ጭረት ነው። ቀለሙ ደብዘዝ ካለ ማሽኑ አያየውም። ዛሬ አንዲት ሙሽራ «ሙስራ» ሆና መጣች። አንድ የተከበሩ ሽማግሌም «ስማግሌ» ሆነዋል። ለሁለቱም ቆባቸውን መለስኩላቸው። ማተሚያ ቤት ሳለሁ «ቆብ ጠባቂዋ» ይሉኝ ነበር፤ ለማሾፍ ነው፣ ግን እኔ ያላየሁት ወረቀት ወደ ማተሚያው አይገባም ነበር።

አዲስ መጽሐፍ ጀምረናል። አንድ የአውቶቡስ ሹፌር በስተርጅና የጻፉት የሕይወት ታሪካቸው ነው። እሳቸው አርፈዋል፤ ያለችውን አንድ ቅጂ ይዞልን የመጣው ልጃቸው ነው። አክስቱ፣ የሟቹ እህት፣ ማንበብ ስለማይችሉ መጽሐፉ ታርሞ ሲያልቅ በስልክ ሊያነብላቸው ቃል ገብቷል። መጽሐፉ ጥሩ ነው፤ ስካን ያደረገው ሰው ግን በደንብ አልዘረጋውም፣ መስመሩ ሁሉ መሃል ላይ ይታጠፋል። ለኃላፊያችን ጻፍኩለት። «እኔ ጋ ቀጥ ብሎ ነው የሚታየው» ብሎ መለሰ። ወጣት ነው፤ በጥድፊያ ስልኩ ላይ ይሆናል ያየው።

ሰኔ 11፣ በችኮላ
አምፖል ቀየርኩ። አምፖሉ ንጹህ ነው። መነጽሬን ጠረግኩ። እሱም ንጹህ። ስክሪኑ ነው እንግዲህ።

ሰኔ 14
ልጄ ከሥራ መጥታ ፊት ለፊቴ ቁጭ አለች። ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው። ፊቷ ጠቁሯል።

«ምን ሆንሽ?» አልኳት።

«ምንም። ምነው?»

«ፊትሽን አጥቁረሻላ!»

«እኔ? እማዬ ሙች፣ ዛሬ እኮ እድገት ሰጡኝ! እየበረርኩ ነው የመጣሁት» ብላ ሳቀች።

ሳቋን ሰማሁት። ፊቷ ግን እንደጠቆረ ነበር። የሆነ ነገር ትደብቀኛለች። ቀጥ ብዬ ሳያት ይጠቁራል፣ ወደ መስኮቱ ዞር ስል ከጎን ፈገግታዋ ይታየኛል። ከወንድ ጋር ተጣልታ ይሆን? አልጠየቅኳትም።

ሰኔ 19
በጎ ፈቃደኞቻችን በስማቸው አይሠሩም። አንዷ ራሷን «ጉንዳን» ብላለች። አይቻት አላውቅም። ስሟን ግን ታውቅበታለች፤ አንድ ገጽ ይዛ ትሄዳለች፣ ሳትደክም ትመለሳለች፣ ሌላ ይዛ ትሄዳለች። ሌሎቹ ሲሰለቹ የሚተዉትን የደበዘዘ ገጽ ሁሉ እየለቀመች የምትሠራው እሷ ነች።

ዛሬ በቡድናችን መልእክት ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «እናታችን፣ በጣም ይቅርታ። ትናንት ከቆለፏቸው ገጾች ላይ ገጹ ላይ የሌለ ቆብ አገኘሁ። ‹ሰፈር› የሚለው ‹ሸፈር› ሆኗል፤ ሌሎችም አሉ።»

ሸፈር! እኔ ነኝ ሸፈር የምል? ጣቴ ስቶ ነው። ከፍቼ አስተካከልኩት። ሌሎቹን አልነካኋቸውም፤ እነሱን በደንብ አይቻቸዋለሁ። «አመሰግናለሁ» ብዬም ጻፍኩ። ጨዋ ነኝ።

ጣቴ ነው የሳተው።

ሰኔ 24
ሻይ ስቀዳ ከስኒው ጎን አፈሰስኩት። ልጄ ጨርቅ ይዛ እየጠረገች፣

«እማዬ፣ ለምንድነው በጎን የምታዪኝ?» አለች።

«እንዴት በጎን?»

«እንዲህ» ብላ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አሳየችኝ። «ቁርጥ አያቴን!»

እናቴ ቆንጆ ነበረች፤ እንደ ምስጋና ወሰድኩላት። እናቴ መጨረሻዋ አካባቢ ሰው የምታየው እንደ ዶሮ አንገቷን ሰበር አድርጋ ነበር። ጎረቤቶች «ኮራችብን» ይሏት ነበር። በኋላማ በድምፅ ነበር ሰው የምትለየው። ግን እሷ በጣም አርጅታ ነበር። እኔ ገና ምኔ አረጀ?

ልጄ ሐሙስ ዓይን ሐኪም ዘንድ ልውሰድሽ አለች። ይህ መጽሐፍ ይለቅና እንሄዳለን አልኳት። ፊቷ ጠቆረ። አሁንስ እውነቷን ይሁን አይሁን እንጃ።

ሰኔ 29
የበሩ ጠርዝ ጎብጧል። ክረምት ነው፣ እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል።

ሐምሌ 2
ዛሬ ደሜ ፈልቷል፤ እስኪበርድልኝ ልጻፍ።

ጉንዳን ጠዋት ለብቻዬ ጻፈችልኝ። ቆብ፣ ቆብ፣ አሁንም ቆብ። ገጽ እየጠቀሰች «እዚህ የለም፣ እዚህም የለም» ትላለች። እኔ ስከፍተው አለ! ደብዘዝ ብሎ፣ ትንሽ ተንጋዶ፣ ፊደሉ አናት ላይ ቁጭ ብሎ በዓይኔ በብረቱ አየዋለሁ። ማሽኑ ያላየውን ቆብ ለማየት ነው እኮ ሰው ያስፈለገው! «ልጄ፣ እኔ ይህን ሥራ የጀመርኩት አንቺ ሳትወለጂ ነው» ብዬ መለስኩላት። ስንት ዓመቷ እንደሆነ እንኳ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ነገሩን ቡድኑ ላይ አወጣችው። በትሕትና ነው ያወጣችው፣ እሱ ደግሞ የባሰ አበገነኝ። «ምናልባት ሌላ ሰው ቢያይልን? ሕጋችን እንደ ገጹ ነውና» አለች። እንደ ገጹ! ጸሐፊው የጻፈው፣ ማተሚያ ቤቱ ያተመው፣ እንጂ አራሚው የወደደው አይደለም ማለት ነው። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። በገዛ ሕጌ ልትገርፈኝ!

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ዓይኗ የማይታመን ሰው እርማት ውስጥ ምን ትሠራለች?» ከዚያም ከቡድኑ አስወጣኋት። ሥልጣኑ አለኝ።

አንድ ሰው ብቻ አውራ ጣት ላከ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም።

ሐምሌ 4
ኃላፊው ደወለ። ሲጨንቀው ያስነጥሰዋል፤ መጀመሪያ አስነጠሰ።

«እትዬ፣ ስለ ጉንዳን ነበር…»

«አቤት?»

«ባለቤቷ ታሞ አልጋ ላይ ከዋለ ወዲህ ከቤት አትወጣም። እሱ ሲተኛ ነው የምትሠራው። ‹ሰው የማገኘው እዚህ ብቻ ነው› ብላኛለች። ምናልባት ነገሩ በረድ ሲል…»

«እኔ ፊደል ነው የምጠብቀው፣ ሐዘንተኛ አይደለም የማጽናናው» አልኩት።

ስልኩን ከዘጋሁት በኋላ ያልኩትን ደግሜ ለራሴ አልኩት፤ ደስ አላለኝም። ግን ቆቡን አይቻለሁ። ያየሁትን አላየሁም ልበል?

ሐምሌ 9
የሹፌሩ መጽሐፍ አልቆ ለአንባቢ ተከፈተ። ኃላፊው በቡድኑ ፊት አመሰገነኝ። ልጄ እንኳን ደስ ያለሽ ብላ ኬክ ይዛ መጣች፤ ኬኩ ላይ የተጻፈውን አንብቢው ብላ ፊቴ አቀረበችው። ሳላነበው በቢላ ቆረስኩት።

«ምን ይላል እሺ?» አለችኝ።

«እንኳን ደስ ያለሽ ነዋ!»

«አይልም» አለች ቀስ ብላ። ምን እንደሚል አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ኬኩን በላን።

ሐምሌ 13
አቅሌን ስቻለሁ። በቅደም ተከተል ልጻፍ።

የሹፌሩ ልጅ ኃላፊው ዘንድ ደውሎ፣ ኃላፊው ወደ እኔ አስተላለፈው። ድምፁ የለቅሶ ድምፅ ነው። ትናንት ለአክስቱ በስልክ ሲያነብላቸው እዚህ ቦታ ደረሰ፦ «እኔ ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ እህቴ የእናታችንን ቤት ሸጠች…» ሴትዮዋ አላስጨረሱትም። «ወንድሜ ነው እንዲህ ብሎ የጻፈው? እኔን? ሸጠች ብሎ?» አሉና ዘጉት። ከዚያ ወዲህ ስልክ አያነሱም፣ በር አይከፍቱም።

«አክስቴ ቤቱን አልሸጠችም እኮ» አለኝ። «ለእኛ ነው የሰጠችን። እኛ ሜዳ ላይ እንዳንቀር እሷ ወጥታ ተከራየች። አባቴ እስኪሞት ይህን ሲያወራ ያለቅስ ነበር። እንዴት ሸጠች ብሎ ይጽፋል?»

«የእኔ ወንድም፣ አባትህ የጻፉትን እኔ አልለውጥም» አልኩት። «እንደ ገጹ ነው የምንሠራው። ገጹ ሸጠች ይላል።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«በዓይኔ አይቼዋለሁ» አልኩት።

ሐምሌ 14
ኃላፊው ያችን አንዲት ቃል ከገጹ ፎቶ ላይ ቆርጦ፣ ስክሪኑን እስክትሞላ አሳድጎ ላከልኝ። ምንም አልጻፈበትም። ከፈትኩት። ቆቡ አለ። ጎበጥ ብሎ፣ እንደ ጥቁር ጭስ ፊደሉ አናት ላይ ተኝቷል። እፎይ አልኩ! ልጄን ጠራኋት።

«ነይ እስኪ፣ አንቺ ፍረጂ። ይህ ፊደል ምንድነው?»

መጣች። ትከሻዬ ላይ እጇን አድርጋ ጎንበስ አለች።

«ሰ» አለች።

«ቆቡንስ?»

«የቱን ቆብ?»

«እላዩ ላይ ያለውን!» ጣቴን ስክሪኑ ላይ ጫንኩት።

«እማዬ፣ ነጭ ነው እኮ። ጣትሽ ያለበት ቦታ ምንም የለም።»

ጣቴን ወደ ጎን ወሰድኩ። ቆቡ አብሮኝ ሄደ። መስኮቱን አየሁ፤ መስኮቱ ላይ ቆብ አለ። ግድግዳውን አየሁ። የልጄን ፊት አየሁ፤ ፊቷ መሃል ላይ ነበር፣ ያ ጠቆረ ጠቆረ ስል የከረምኩት።

አልጮህኩም። «እሺ ሂጂ፣ ምሳሽ ይቀዘቅዛል» አልኳት። አልሄደችም።

ሐምሌ 15
ሰጠች። ሰጠች። ሰጠች። ሰጠች።

ሐምሌ 18
የዓይን ሐኪሙ ቤት። ወረፋው ረጅም ነበር፤ ሁሉም አንገቱን ዘንበል ያደረገ መሰለኝ።

ሐኪሙ በትንንሽ አራት ማዕዘን የተከፋፈለ ወረቀት ሰጠኝና አንድ ዓይኔን በእጁ ሸፈነ።

«መሃል ያለችውን ነጥብ ይዩልኝ፣ እናቴ።»

«የትኛዋን ነጥብ?» አልኩት።

ልጄ ወደ ግድግዳው ዞረች።

«መስመሮቹስ?»

«ተጣመዋል።» ወረቀቱን አጣመው አትመውት ነው ልል ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

«መስመር ሲጣመም ማየት ከጀመሩ ምን ያህል ሆነዎት?»

«ሁለት ሳምንት» አልኩ።

ይህ ደብተር ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የጻፍኩትን እኔና እሱ እናውቃለን። ልጄ እናቷ እንደዋሸች ገባት፤ ግን በሰው ፊት አላዋረደችኝም።

ሐኪሙ የተናገረው ይህ ነው፤ ቃል በቃል ልጻፈው፣ አራሚ ነኝና። «ቀኙ ጠባሳ ሆኗል፤ እሱን መመለስ አንችልም። ግራው ጀምሮታል። በየወሩ ዓይን ውስጥ መርፌ እንሰጣለን። ያለውን ለማቆየት ነው እንጂ የሄደውን አያመጣም። ያለውንም ማቆየቱ እርግጠኛ አይደለም።» ቀጥሎ «ትንሽ ቀደም ቢሉ ኖሮ» ብሎ ጀመረና ልጄን አይቶ ተወው። በቤተሰብ የታወረ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። እናቴ አልኩት። እስከ ዛሬ ታወረች ብዬ አላውቅም ነበር፤ «ዓይኗ ደከም ብሎ» ነበር የምለው።

ሐምሌ 20
ልጄን ጠርቼ ይህን ደብተር ዘረጋሁላት። የተጻፈውን እንዳታነብ በእጄ ሸፍኜ ባዶውን ገጽ አሳየኋት።

«መስመሩ እንዴት ነው?»

«ቀጥ ያለ ነው እማዬ» አለች።

ባለሱቁን ይቅርታ ልጠይቀው ይገባኛል። የወለሉንም ሠራተኛ። ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ ጉንዳን ግን መጨረሻ ላይ ትሆናለች፣ ወደሷ መሄጃ እግር የለኝም።

ሐምሌ 26
ኃላፊው «ሸጠች» የሚለውን «ሰጠች» አደረገው። የሹፌሩ ልጅ የገጹን ፎቶ በትልቁ አሳትሞ አክስቱ በር ላይ ቆሞ እየጮኸ አነበበላቸው። ሴትዮዋ በሩን ከፈቱ። ፊደል ባይለዩም ወረቀቱን ተቀብለው ሳሙት ብሎ ኃላፊው በስልክ ነገረኝ። የሳቸው ነገር በዚህ አለቀ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አልቅሼ ተኛሁ።

ከዚያ ኃላፊው ሁለት ጊዜ አስነጠሰና፣ ዘንድሮ የቆለፍኳቸው ገጾች ሁሉ እንደገና ተከፍተው ሊታዩ እንደሆነ ነገረኝ። «እርስዎ ይረፉ እትዬ» አለ። ይረፉ! እንደ ሞተ ሰው። የትኛው ቆብ የእውነት እንደሆነ፣ የትኛው የዓይኔ እንደሆነ ማን ይለየው? እኔስ የቱ ጋ እንደጀመረኝ አውቃለሁ? ማተሚያ ቤት ሳለሁ ጀምሮኝ ቢሆንስ? ያ ሁሉ መጽሐፍ!

«ይህን የሚጨርስ ትዕግሥት ያለው ሰው አንድ ነበር» አለ። ስሟን አልጠራም። ጨዋ ልጅ ነው። እኔ ነኝ ስልኳን ስጠኝ ያልኩት።

ሐምሌ 29
መርፌው ተጀመረ። ስለሱ አልጽፍም። ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩት።

ነሐሴ 1
ዛሬም አንስቼ አስቀመጥኩት። እኔን ብሎ ቆብ ጠባቂ!

ነሐሴ 3
ደወልኩ። ቁጥሩን የመታችልኝ ልጄ ናት። አሁን የምጽፈው በወፍራሙ እስክሪብቶ ነው፤ አንዱ መስመር ሌላው ላይ ከወጣ ወጣ።

ድምፅዋ የልጅ ድምፅ አይደለም። ከእኔ ብዙም አታንስም መሰለኝ። «ልጄ» እያልኩ ስኮፍስባት የከረምኩት! ከጀርባዋ ወንድ ይስላል።

ማን እንደሆንኩ ነገርኳት። ዓይኔ ታሞ ነው፣ ቆቡ ዓይኔ ውስጥ ነበር፣ አንቺ ልክ ነበርሽ፣ ይቅር በይኝ፣ ተመለሺልን አልኳት። አንድ ትንፋሽ ነው የተናገርኩት።

«ውይ እናቴን! ዓይንዎን?» አለች መጀመሪያ። እኔን ማጽናናት ጀመረች። አንጀቴን በላችው። «ይቅርታውን ይተዉት፣ እሱ እንዳይከብድዎት። ይቅር ብያለሁ።»

«ትመለሻለሽ ታዲያ?»

የባሏ ሳል ተሰማ። ውሃ ስትሰጠው ጠበቅኩ።

«አልችልም» አለች ስትመለስ። «ሳይቀየሙኝ ልንገርዎት? ዓይኗ የማይታመን ካሉኝ ቀን ጀምሮ ሰ ባየሁ ቁጥር እቆማለሁ። የለውም እላለሁ። ከዚያ፣ ያን ሁሉ ዓመት ያረሙ ሰው አለ ካሉ ቢኖርስ እላለሁ። አሳድጌ አያለሁ፣ ዘግቼ እከፍታለሁ። አንድ ገጽ አላልቅ አለኝ፤ ተውኩት።»

«ልክ ነበርሽ እኮ! ስሕተቱ የእኔ ነው!»

«አሁን አውቃለሁ። ግን ማወቁ አላዳነኝም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ ባሏ እንዳይሰማ ይመስለኛል። «የሱን መድኃኒት እንኳ የብልቃጡን ጽሑፍ ለጎረቤት ነው የማስነብበው። አሳስቼ ባጠጣውስ እያልኩ። ጎረቤት ከሌለ እስኪመጡ በሰዓቱ አይጠጣም።»

«ዓይንሽ ደህና ነው» አልኳት። «ዓይንሽ ደህና ነው፣ ስሚኝ፣ ዓይንሽ ደህና ነው።»

«እግዜር ይማርዎት፣ እናቴ» አለች። ስልኩን ቀድማ አልዘጋችም። እኔ ነኝ የዘጋሁት።

ነሐሴ 4
ጉንዳን ደህና ዓይን አላት። የታመመውን ዓይኔን እኔ ሰጠኋት። ሰጠኋት ነው የጻፍኩት፣ በሰ፣ ያለ ቆብ። አሁን ሳየው ግን ቆብ አለው። ልጄ ከሥራ ስትመለስ እላዩ ላይ ምንም እንደሌለ ትይልኝ።